ብረቱ የዞረበት ቦታ

ወንድሜ ፈንታ ከተቀበረ በኋላ ማሳውን ያረሰው ራሱ ፈንታ ነው ይላሉ የአገራችን ሰዎች። ያረሰው ሮቦቱ ነው። ከኋላው እየተከተልኩ ጓል ስከሰክስ የዋልኩት ደግሞ እኔ ፍሬው ነኝ። ግን በዚህ አገር የእኔ ድካም ለሌላ ሰው ሲቆጠር ነው የኖረው፤ አሁን ለሙት ቢቆጠር ምን ይደንቃል።

ሮቦቱን ያመጣው አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ነው፤ ፈንታ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና። ቁመቱ ከጊደር ያንሳል። በጎማ ሳይሆን በሰንሰለት ይሄዳል፤ ጀርባው ላይ ሶላር ተነጥፎበታል፤ ከኋላው ማረሻ ተሰክቶበታል። ነጂ የለውም፣ ጅራፍ አያሻውም፣ ገለባ አይበላም። ድምፁም ንብ ቀፎ ውስጥ ሆና ስታጉረመርም የሚሰማውን ያህል ነው።

አስተማሪው አንድ ሰው ነው። ሰውዬው ክታብ የምታህል መሣሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማሳውን ልክ እንደሚያርስ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይሄድለታል። ሮቦቱ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ የረገጠበትን፣ የታጠፈበትን፣ ያዘገመበትን ሁሉ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ያንኑ መድገም ነው። ዓይንም አለው፤ ድንጋይ ወይም ከብት ከፊቱ ካየ ይሸሻል። በቀረው ነገር ግን ያስተማረውን ሰው እግር እንጂ ሌላ አያውቅም።

ለማስተማር የተመረጠው ፈንታ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ፈንታ በጣቱ ነው የሚፈርም። በቀበሌው ስብሰባ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ብናገር የፕሮጀክቱ ባለሙያ ሜሮን የምትባለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሮቦቱ ማንበብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥሩ አራሽ ነው» አለችኝ። ቀበሌው በሙሉ ሳቀ። ፈንታ አልሳቀም፤ መሬት መሬቱን አየ። አለመሳቁ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

አባታችንም ያው ነበር። ረባዳውን ለፈንታ ሰጠ፣ ጭንጫውን ለእኔ። «አንተ ተምረሃል፤ መንግሥት ይጠራሃል» አለኝ። መንግሥት እስከ ዛሬ አልጠራኝም። አባታችን ሲሞት ደግሞ ከምሰሶው ላይ የሚሰቀለው ምንሽር ጠመንጃ ጠፋ። ፈንታን ጠየቅሁት። «አላየሁም» አለ። ምንሽር እግር የለው፣ ወዴት ይሄዳል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረድኩ። ስመላለስ ዓመታት አለፉ፤ ተመልሼ ጭንጫዬ ላይ ስቀመጥ ከፈንታ ጋር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልነበረንም።

ባለፈው ጥቅምት ሆዱን አሞት ሞተ። ወንድ ልጅ የለውም። አንዷ ልጁ ዕፀገነት ባሕር ዳር ናት። ሚስቱ የሻረግ ማሳውን ለባዳ ከምትሰጥ ለእኔ በእኩል ሰጠችኝ፤ ምርቱን ለሁለት ልንካፈል። ሮቦቱም ከማሳው ጋር መጣ።

የካቲት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንገምስ አወጣሁት። ከቆርቆሮ ቤቱ ወጥቶ ትንሽ አመነታና የፈንታን መንገድ ያዘ።

የሚሄደው ልክ እንደ ፈንታ ነው። ፈንታ ቀኝ ትከሻውን ጣል አድርጎ፣ ዳገቱ ላይ ረዘም፣ ቁልቁለቱ ላይ ጠበቅ እያደረገ ነበር የሚሄደው። ብረት ትከሻ የለውም፤ ግን ዳገቱ ላይ ያው፣ ቁልቁለቱ ላይ ያው። ትልሙን ጨርሶ ጫፍ ሲደርስ ቀጥ አለ። የተበላሸ መስሎኝ ሮጥኩ። አልተበላሸም። ፈንታ በሬዎቹን የሚያስተነፍስበት ቦታ ነው። እዚያ ቆሞ ከፊት ለፊት ያለውን ቤተ ክርስቲያን እያየ በከንፈሩ አንድ ነገር ይል ነበር። ሳንባ የሌለው ነገር እዚያው ቦታ ቆሞ ቤተ ክርስቲያኑን አየ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ይኼ ሳያንስ የፈንታ የቀኝ በሬ ወይኖ ከግጦሹ ላይ ቀና አለ። ሮቦቱ ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈቶ ነው የሚውል። ቀስ እያለ መጣና ከሮቦቱ በስተቀኝ ገባ፤ ቀንበር ያለበት ይመስል አንገቱን ዝቅ አድርጎ አብሮት መራመድ ጀመረ። ሮቦቱ ጫፍ ላይ ሲቆም ይቆማል። ሲነሳ ይነሳል። በመንገድ ወደ አርብ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አህዮቻቸውን አቁመው አማተቡ።

ቄስ ሙሉዓለምም ከመንገደኞቹ መካከል ነበሩ። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ይኼን ነገር ይርገሙልኝ ወይም ይባርኩልኝ» አልኳቸው።

«ነፍስ የሌለው ነገር አይረገም፣ አይባረክ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አማተቡ?»

«እኔ ያማተብኩት ለበሬው ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሌላ ነገር ያየሁት ወደ ማሳው ላይኛ አጋማሽ ስንወጣ ነው። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ወደ ግራ ዘወር አለ፤ ቁርበት የምታህል ቦታ ትቶ እንደገና ወደ መስመሩ ገባ። ድንጋይ አየ ብዬ ሄጄ አየሁ። ድንጋይ የለም፤ ጉቶም የለም። አፈር ብቻ። ሲመለስም በሌላው ጎን እንዲሁ ዞረ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ፈንታ በበሬ በሚያርስበት ዘመን እዚያ አካባቢ አንዳንዴ ዶማ ይዞ አየው ነበር። ላዩን ጫር ጫር አድርጎ ተልባ ይበትንበታል። ተልባው ከሌላው ሰብል ጋር አብሮ ሲበቅል ቦታው ተለይቶ አይታይም። እኔም ያኔ ከማዶ ሆኜ፣ ሞኝ ገበሬ በበሬ መሬት በዶማ ይለፋል ብዬ አላገጥኩ።

አሁን ገባኝ አልኩ። ምንሽሩ እዚያ ነው።

ጾሙን በሙሉ በዚህ ሐሳብ ተብሰለሰልኩ። ማሳው ዝናብ ነካው፣ ከብት ረገጠው፣ የተዘለለው ቦታ ከታረሰው ጋር ተመሳሰለ። እኔ ግን በግምት የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባለው አርብ ገበያ ወጣሁና ዘከሪያ ሱቅ ጎራ አልኩ። ዘከሪያ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ምላሱ አይምረኝም።

«ዘከሪያ፣ ብረት መሬት ውስጥ ስንት ዘመን ይቆያል?»

«በቅባት ከተጠቀለለ ልጅህ ያወጣዋል። ባዶውን ከሆነ አፈር ነው። ምን ቀብረህ ነው?»

«እኔ የሚቀበር ምን አለኝና።»

«እሱስ እውነት ነው» አለና ሳቀ። «የወንድምህ ሮቦት እንዴት ነው? አገሩ ሁሉ ፈንታ ተነሳ እያለ ነው።»

«ብረት ነው እባክህ።»

«ብረት መሆኑንማ ማን ካደ። ግን ታላቁን ከታናሹ ለይቶ ያውቃል አሉ። አንተ ከኋላ ትከተላለህ አይደል?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እዚያው ቆሜ ሜሮን ዘንድ ደወልኩ። ሮቦቱ መንገድ ይስታል፣ ደኅናውን መሬት ይዘላል፣ ያለ ምክንያት ይቆማል፤ የድሮው ይጥፋና የእኔን እግር ይማር አልኳት።

«ጥሩ ጊዜ ደወሉ ጋሼ» አለች። «ሁሉንም አፕዴት እያደረግን ነው። ሰኞ እመጣለሁ።»

«የድሮው ይጠፋል?»

«ሙሉ በሙሉ። ከአዲሱ ጋር አይሄድም።»

«ይጥፋ» አልኩ። ዘከሪያ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ሜሮን ሳትደርስ ምንሽሩን ላወጣ አሰብኩ። የእኔ ዶማ እጀታው ተሰብሯል። የሻረግ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች።

«ዶማሽን አውሺኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርግበት? ማሳው ብረት አለው።»

«ብረቱ የማይነካውን ልነካ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ያጠራቀምኩትን ዘረገፍኩት። ባልሽ ያስተማረው ብረት ድንጋይ የሌለበትን ቦታ ይዞራል አልኳት። ስንት ዘመን ሌባ አይደለሁም ሲል ኖሮ እግሩ አሳበቀበት አልኳት። የአባቴን ምንሽር ዛሬ በፀሐይ አወጣዋለሁ፤ ሰው ይየው አልኳት።

እጇ ባቄላው ላይ ቀረ።

«የት ላይ ነው የሚዞር?»

«ከላይኛው አጋማሽ።»

«ምን ያህል ቦታ?»

«ቁርበት ብታነጥፊበት የሚሸፍነው።»

ከዚያ ተነስታ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዶማ አነሳችና ወደ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«እዚያ ምንሽር የለም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ልጄ ናት ያለችው።»

ዕፀገነት ሞተች እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ዕፀገነት አይደለችም። የሻረግ የነገረችኝ ይኼን ነው፤ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

«ከዕፀገነት በፊት ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። አንተ መተማ ነበርክ። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ቤተ ክርስቲያን አትገባማ። እኔ አራስ ነኝ፣ ከአልጋ አልወረድኩም። ፈንታ ጋቢውን ለሁለት ቀደደና በአንዱ ጠቀለላት። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ማታ እጁ አፈር ሆኖ ተመለሰ። የት ነው አልኩት። ማሳው ውስጥ አለ። ማሳው ሰፊ ነው አልኩት። ዝም አለ። አሮጊቶቹ ናቸው አፉን የያዙት፤ የእናት ዓይን ካረፈበት ማኅፀኗ ይደርቃል ብለውታል። ዕፀገነት ከተወለደች በኋላ እንደገና ጠየቅሁት። ተይው፣ አላስነካትም አለኝ። ድንጋይ እንኳን አላቆመም፤ ሰው እንዳይጠቁምብን። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት እዚያ ማሳ ውስጥ ሳርም ኖሬያለሁ። የቱን እንደረገጥኩ አላውቅም።»

«ሲታመም አልጠየቅሽውም?»

«ልጠይቀው ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መሞትህ ነውና ንገረኝ ማለት መሰለኝ። ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

እኔ በዚህ ሰዓት የማዝን ሰው መሆን ነበረብኝ። አላዘንኩም፤ ተናደድኩ። የወንድሜ ልጅ ሞታለች። እናቴ እስክትሞት አንድ ቀን አላነሳችውም። ጎረቤት ያውቃል፣ አሮጊቶቹ ያውቃሉ። እኔ ግን ከመተማ ተመልሼ በዚያ ማሳ ዳር ስመላለስ ማንም አፉን አልከፈተልኝም።

«ለእኔ ለወንድሙ ያልነገረውን ለብረት አሳየው» አልኳት።

«ብረቱ አፍ የለውም» አለች።

ክፉ ብላ አልነበረም የተናገረችው። እውነት ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው የወጋኝ።

ልሄድ ዞርኩ። ከዚያ ሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ ብሄድ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ሜሮን ትመጣለች፣ ታጠፋዋለች፣ ብረቱ የእኔን እግር ይማራል፣ ነገሩ ያበቃል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አልዋሽም። ደጃፉን ልሻገር ስል ግን አፌ ከእኔ ቀደመ።

«ዛሬ ሜሮን ትመጣለች። የፈንታን መንገድ ልታጠፋው ነው። እኔ ነኝ የጠራኋት።»

የሻረግ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ ወገቧን አሰረችበት። ባቄላው ተደፋ። ሳታነሳው ሄደች።

ስንደርስ የሜሮን ሞተር ሳይክል ማሳው ዳር ቆሟል። የሮቦቱ ጎን ተከፍቷል፣ ሜሮን ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሻረግ ማሳው ዳር ሳትደርስ ነው መጣራት የጀመረችው።

«ልጄ፣ አጥፍተሽዋል?»

«ምኑን እናቴ?»

«መንገዱን። የባለቤቴን መንገድ።»

«ገና ነኝ። ባትሪውን እያየሁ ነው።»

የሻረግ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንዴ ይሂድ። ማረሻውን አንሺለትና ባዶውን አንዴ ይሂድልኝ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

«ለምን?» አለች ሜሮን። እኔንም እሷንም አየች። የሻረግ አፏ ተያዘ። ለባዳ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ለእኔ እንኳን ዛሬ ነው የተነገረው።

«እኔ ነኝ ያልኩ» አልኳት ለሜሮን። «ወንድሜ እንዴት ይሄድ እንደነበር ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።»

ሜሮን ፊቷ ለስለስ አለ። «እሺ ጋሼ» አለች። እንዲያ ብላ አታውቅም።

ሮቦቱ ማረሻውን እንዳነሳ ተነሳ። እኔ ከኋላው፣ የሻረግ ከእኔ ኋላ። ወይኖም ከየት መጣ ሳይባል በቀኙ ገባ። ማረሻው መሬት ስለማይነካ ድምፅ የሚባል የለም፤ የጓሉ መሰባበር ብቻ ነው የሚሰማ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ቀትር ነው። ከፊቴ የሚሄደውን ሳየው ብረት አላይም ነበር። ቀኝ ትከሻው ጣል ያለ ሰው ነው የማይ። ወይኖ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ቄሱም ትክክል ነበሩ።

ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል?» አለች የሻረግ በሹክሹክታ።

«ሁልጊዜ።»

«ጠላ የማመጣለት እዚህ ነበር» አለች።

ወደ ላይኛው አጋማሽ ስንወጣ ወደ ሮቦቱ ቀረብ አልኩ። ቢስትስ አልኩ። በገዛ እጄ የጠራሁት ነገር ዛሬ ቢስትብኝስ። አልሳተም። ከአንድ ቦታ ላይ ዘወር አለ፣ ቁርበት የምታህል ቦታ ትቶ አለፈ። ወይኖም ዞረ።

የሻረግ ቆመች።

«እዚህ?»

«እዚያ።»

አላለቀሰችም። ጫማዋን አወለቀችና ወደ ጎን አስቀመጠች። ጓሉን በእግሯ ሳይሆን በእጇ ገለል ገለል አድርጋ ዳሩ ላይ ተቀመጠች። መካከሉን አልነካችም። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«እኔ ከዚህ አልነሳም» አለች። «ሂድና አስተምረው።»

ወደ ዳር ወረድኩ። ሜሮን ቁልፎቿን ነካካች። የሮቦቱ አረንጓዴ መብራት ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ በራ።

«ጨረስኩ» አለች። «አሁን ምንም አያውቅም።»

ይህችን ቃል ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ ስመኛት ኖሬያለሁ። መጣችልኝ። የተሰማኝ ግን ጥቅምት ላይ ፈንታ ላይ አፈር ሲመለስ የተሰማኝ ነው፤ ያኔ እንኳን ይህን ያህል አልነበረም፤ ያኔ ሰው አብሮኝ ነበር። ወይኖ መጥቶ ሮቦቱን አሸተተው። አንዴ አሸተተው፣ ሁለተኛ አሸተተው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ግጦሹ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አጠገቡ ደርሶ አያውቅም።

ሜሮን መሣሪያዋን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ክብደት የላትም። «እንደሚያርሱ ሆነው ይሂዱ። አይቸኩሉ» አለች። ሄድኩ። የሰንሰለቱ ድምፅ ከኋላዬ ተነሳ። ሰው ሲከተለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ብረት ነው። እንደ ፈንታ ላለመሄድ ተጠነቀቅሁ። ደረቴን ነፋሁ፣ እርምጃዬን አስተካከልኩ። ጫፍ ደርሼ ስዞር ሜሮን ከዳር፣ «እዚያ ጋ ቆሙ እኮ ጋሼ፣ ደክሞዎት ነው?» አለችኝ። እኔ የቆምኩ አይመስለኝም። እግሬ ሳይነግረኝ ቆሞ እንደሆነ እንጃ።

ትልም በትልም ወደ ላይ ወጣሁ። የሻረግ እንደተቀመጠች ናት። ስቀርብም ቀና አላለችም። ልዞራት ወደ ግራ ስል ድምፅዋን ሰማሁ፤ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከአፈሩ ጋር የምታወራ ነበር የሚመስለው።

«ያንተ ጆሮ ነበራት።»

«ምን?»

«ጆሮዋ። እንደ አንተ ላዩ ሾል ያለ። ፈንታ ታቅፎ እየነካ፣ የፍሬው ጆሮ፣ የፍሬው ጆሮ ይላት ነበር። እሱ ሲመጣ በጆሮዋ ነው የሚያውቃት እያለ ይስቅ ነበር። ትመጣለህ ብሎ ስም እንኳን አላወጣላትም። አጎቷ ተምሯል፣ እሱ ያውጣላት አለ።»

እኔ አልመጣሁም። ያን ዓመት ክረምቱን እዚያው መተማ ነው ያሳለፍኩት፤ ምንሽሩን እያሰብኩ።

ቆምኩ። ሮቦቱም ከኋላዬ ቆመ። ማጉረምረሙ ብቻ ይሰማል።

«ጋሼ» አለች ሜሮን ከዳር። «ይለፉ እንጂ። መቆሙንም እየያዘው ነው።»

ሰምቻታለሁ።

«ጋሼ ፍሬው፣ አሁን ካልሄዱ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ሲደርስ የቆሙትን ያህል ይቆማል። በኋላ ማስተካከል አልችልም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

ወደ እሷ ሳልዞር እጄን ብቻ አነሳሁ፤ ይቆይ ለማለት። የሻረግ እጇን መሬቱ ላይ አድርጋለች። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ስም ማውጣት የሚለው ነገር ወደ አፌ መጣ፤ ግን ክርስትና ላልተነሳች፣ እዚህ ጠራራ ላይ፣ እኔ ማን ነኝና። አንድ ስም በልቤ ያዝኩ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለየሻረግም። ፀሐይዋ ዘመም አለች። የሜሮንም ድምፅ ጠፋ።

በመጨረሻ የሻረግ ራሷ፣ «ሂድ እንግዲህ» አለችኝ።

በግራዋ ዞርኩ። ፈንታ ከዞረው ትንሽ አስፍቼ ነው የዞርኩት።

ሰኔ ላይ ለዘር አወጣሁት። ማለዳ ነው፣ አርብ ነው፣ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል። ሮቦቱ ላይኛው አጋማሽ ደረሰና ከቦታው ዳር ቀጥ አለ። እኔም ከኋላው ቆምኩ። ከመንገዱ አንድ የስማዳ ሰው፣ ወገዳ የሚኖር የበግ ነጋዴ፣ በጎቹን እየነዳ ሲያልፍ አየንና ቆመ።

«ምነው፣ ተበላሸብህ እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን አይሄድም?»

«ይሄዳል።»

ጠበቀ። በጎቹ ተበተኑበት፣ ሰበሰባቸው፣ ተመልሶ አየ። ያው ነው። «ይኼ ነገር ጤና የለውም» አለ።

«እለፍ፣ ገበያው ይፈታብሃል» አልኩት።

እየዞረ እየተመለከተ ሄደ። ብረቱ ገና ቆሟል። እኔም ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ከኋላው ጠበቅሁት።